ጥያቄና መልስ፦ ሥጋ እስከ መሀሉ መብሰሉ በምን ይታወቃል?

ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ፣ አጻጻፋቸው ቢለያይም፣ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። በቤት የምናበስለው ሥጋ እስከ መሀሉ መብሰሉን በምን እናረጋግጣለን? ደብዳቤዎቹ የመጡት ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ፣ ከባሕር ዳር፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላና ከብቸና ሲሆን፣ የጾሙ መፈታት የሥጋን ነገር በየቤቱ እንዳነሣው ያስታውቃሉ። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስል አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጸሐፊዎቹንም ስም እንደ ልማዳችን ትቼዋለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ እህቴ ከውጭ አገር ስትመጣ ሥጋ ላይ የሚሰካ ቴርሞሜትር አመጣችልኝ። ትክክለኛነቱን ልፈትሽ ብዬ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ብነክረው 92 ላይ ቆመ፤ ብጠብቀውም ከዚያ አላልፍ አለ። በትምህርት ቤት የተማርኩት ግን ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? ደግሞስ ስንት ሲያሳይ ነው ሥጋው በስሏል የምለው?

መልስ፦ መሣሪያሽ ደህና ነው፤ 92 ያሳየሽም በትክክል ስለሚሠራ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ዳርቻ ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ በላይዋ ያለው የአየር ግፊት ያነሰ ነው፤ ግፊቱ ሲያንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ከፈላም በኋላ እሳቱን ምንም ያህል ብታነድጂበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል ብሎ ማስላት ይቻላል። 1,800 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ባሕር ዳር ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከጮቄ ተራራ ሥር 3,000 ሜትር ላይ ባለ መንደር በ90፤ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ድልድይ አጠገብ ድስት የጣደ ሰው ደግሞ ከ96 በላይ ያገኛል። ቴርሞሜትርሽን ከፍታ በማያስተው መንገድ ለመፈተሽ ከፈለግሽ በበረዶ ፈትሺው። ከፍሪጅ የወጣ በረዶ ሰባብረሽ ብርጭቆ ሙዪበት፣ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረሽ አማስዪው፣ ከዚያም የመሣሪያው ጫፍ ብርጭቆውን ሳይነካ መሀል ላይ ያዢው። ዜሮ ላይ ከቆመ እመኚው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ዓምድ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። እኛ አገር ሥጋ መብሰሉን የምናውቀው በሁለት ነገር ነው፦ በቀለሙና በልስላሴው። ሁለቱም የሚነግሩን ነገር አለ፤ ጀርሙ ስለ መሞቱ ግን አይነግሩንም። ጀርሙን የሚገድለው በሥጋው መሀል የደረሰው ሙቀት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት በራሴ ማድቤት የሐበሻ ዶሮ ስሠራ፣ ብልቱን ቁሌቱ ላይ ከጨመርኩ ግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ አንዱን ታፋ በጭልፋ አውጥቼ ሰሃን ላይ አስቀመጥኩና ቴርሞሜትሩን ሰካሁበት። 85 ዲግሪ አሳየኝ። ጀርምን በተመለከተ ያ ታፋ በስሏል፤ ጥርስ ግን ከቶ አይበግረውም ነበር፤ ለመላላት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ያረጀ ዶሮ ሥጋውን ጠንካራ የሚያደርገው በጅማትና በሽፋን ያለው ነገር በዝግታ የሚሟሟ ስለሆነ፣ በእኛ ከፍታ ላይ ደግሞ ወጡ ከ92 ዲግሪ በላይ ስለማይሞቅ፣ ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ የደጋ ድስት ምግብን የማያስተማምን አያደርገውም፤ የሚያደርገው ዝግተኛ ነው። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ የፈረንጅ የሚባለው ዶሮ ወይም የጥጃ ሥጋ ቶሎ ስለሚላላ፣ ሥጋው ለስልሶ መሀሉ ግን ያልሞቀበት ጊዜ አለ። በተለምዶ ፕሬዠር የምንለው ድስት የሚረዳንም እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር፣ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ስለሚያስችል ነው።

ስለ ቁጥሩ ከሆነ፣ ዶሮ በየትኛውም መልክ ቢሠራ መሀሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። የተከተፈ ወይም የተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ 71 ዲግሪ ይበቃዋል። ያልተከተፈ ሙዳ 63 ዲግሪ ከደረሰና ከእሳት ወርዶ ቢያንስ 3 ደቂቃ ካረፈ በቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለሁሉም በአንድ ቃል 70 ዲግሪ ይላል። የተከተፈው ከሙዳው የበለጠ ሙቀት የሚፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ በጤናማ ከብት ሥጋ ላይ ጀርሙ በአብዛኛው የሚቀመጠው ከቢላዋ፣ ከእጅ፣ ከቆዳና ከፈርስ ጋር በተነካካው ላይኛው ገጽ ላይ ነው፤ ሥጋው ሲከተፍ ግን ያ ገጽ ተሰባጥሮ ውስጥ ይገባል። በበኩሌ በማድቤት ውስጥ አራት ቁጥር ከማሰላሰል 74ን ብቻ መያዝ ይሻላል እላለሁ፤ ወጥና ቅቅል የምንወድ ሰዎች ከዚያ ብናሳልፈው የምናጣው ጣዕም የለም።

አሰካኩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዘንጉ ጫፍ ከወፍራሙ ሥጋ መሀል ይረፍ፤ አጥንት ወይም የድስቱን ግርጌ ከነካ የሚያነብልሽ የሥጋውን ሙቀት አይደለም። ወጥ ውስጥ እንዳለ አትለኪው፤ በዙሪያው ያለው መረቅ ስለሚያታልል ብልቱን አውጥተሽ ለኪ። ቁጥሩ መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ጠብቂ፤ አንድ ብልት ለክተሽ ስለ ድስቱ ሁሉ አትፍረጂ፣ ሁለት ሦስቱን ለኪ። ባልበሰለ ሥጋ ውስጥ የገባውን ዘንግ ሳታጥቢ መልሰሽ አትስኪው፤ ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ውድ አዘጋጅ፣ ዶሮ ወጥ በሠራሁ ቁጥር ባለቤቴ ብልቱን ሲገነጥል አጥንቱ ዙሪያ ጠቆር ያለ ቀይ ነገር ያይና «ይኸው ደሙ፣ አልበሰለም» ብሎ ያስቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳበሰልኩት አውቃለሁ። ቴርሞሜትር የለኝም። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ድስትዎ የተንተከተከው ያን ያህል ጊዜ ከሆነ ትክክሏ እርስዎ ነዎት፤ ባለቤትዎም ቢሆኑ ጥንቃቄያቸው የሚወቀስ አይደለም። ገና ለጋ ሆኖ የታረደ ዶሮ አጥንቱ በደንብ ስላልጠና፣ ከመቅኒው የሚወጣው ቀይ ቀለም በአጥንቱ ቀዳዳ አልፎ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያጠቁረዋል። ዶሮው በረዶ ሆኖ የከረመ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ቀለሙ ምንም ያህል ቢበስል አይጠፋም፣ የጥሬነትም ምልክት አይደለም።

ቀለም በሌላም በኩል ያሳስታል። በበርበሬ የተሠራ ወጥ ሥጋውን ራሱ ቀይ ያደርገዋል፤ አልጫ ከሆነ እርዱ ቢጫ ያደርገዋል፤ በሁለቱም ሥር ያለውን የሥጋውን እውነተኛ ቀለም ማየት አይቻልም። የተከተፈ ሥጋማ ከዚህ የከፋ ነው፤ ገና ወደሚፈለገው ሙቀት ሳይደርስ ቡናማ ሆኖ የበሰለ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ምንቸት አብሽ ሲሠሩ «ቀይነቱ ጠፍቷል» ብለው ቶሎ የሚያወርዱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ምን ይደረግ? አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ተደራርበው ሲገኙ ግን ይታመናሉ። ወጡ ዳር ዳሩን ብቻ ሳይሆን መሀሉንም ጭምር መንተክተኩን ይመልከቱ፤ ብልቱን ከጨመሩበት ሰዓት ሳይሆን ወጡ እንደገና መንተክተክ ከጀመረበት ሰዓት ጀምሮ ይቁጠሩ፤ ቀዝቃዛ ሥጋ የገባበት ድስት ለጥቂት ጊዜ ጸጥ እንደሚል ያውቃሉ። ከዚያ ወፍራሙን ታፋ አውጥተው በቢላዋ እስከ አጥንቱ ይሰንጥቁት፦ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ የሚላቀቅ፣ ክር ክር የሚል፣ የሚያብረቀርቅና እንደ ቅባት የሚያሙለጨልጭ ክፍል የሌለው፣ ከስንጥቁም እንፋሎት የሚወጣ መሆን አለበት። የደረቱንም ሥጋ እንዲሁ ይመልከቱ። ከተጠራጠሩ ሩብ ሰዓት መጨመር ዶሮ ወጥን አይጎዳውም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የኖረ ልማዳችን ነው፤ ጠረኑን ያጠፋልና ተዉት አልልም። ሆኖም ሎሚው ሳልሞኔላንና ካምፒሎባክተርን የመሰሉ ጀርሞችን እንደሚገድል አድርገው አይቁጠሩት፤ ይህን የሚያደርገው እሳቱ ነው። ሲታጠብ የሚረጨው ውሃ ደግሞ ጀርሙን ሰላጣው ላይ፣ እንጀራው ላይ፣ የሕፃኑ ጽዋ ላይ ያደርሰዋል። በሰፊ ሳፋ ውስጥ፣ ዝቅ ብለው፣ ሳያንቦጫርቁ ይጠቡት፤ የሚበላ ነገር ሁሉ ከአካባቢው ይነሣ፤ ከዚያም ሳፋውን፣ መክተፊያውንና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ እኅቴ ሆይ፣ እኔ ቁርጥም ክትፎም እወዳለሁ፤ ባለቤቴ ኮሶ ስለሚያስፈራት ለብለብ አድርጋ ትሰጠኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ «ሚጥሚጣውና አረቄው ይገድለዋል» ይላሉ። ለብለቡስ ይበቃል? ሥጋው ከታመነ ልኳንዳ ቤት ከተገዛስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስቱንም በየተራ እመልሳለሁ፤ የመጀመሪያው ግን ኮሶው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው። የኮሶ ትል የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ነው። ትሉ የያዘው ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል፣ ከብቱ ይግጠዋል፣ በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ደግሞ ነጣ ያለች፣ ውሃ የቋጠረች፣ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ያችን ከረጢት በሕይወት እንዳለች የዋጠ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ያድግበታል። ትሉ ሲጎለምስ ነጭ፣ ጠፍጣፋ ቁርጥራጭ ይወጣል፤ ሰው «ኮሶ ታየብኝ» የሚለው ያኔ ነው። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ የኮሶ ዛፍ አበባ እየጠጡ የሚሽሩት ይህንኑ ነበር፤ ስሙም ለትሉም ለዛፉም አንድ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ግን መጠኑ በማይታወቅ ኮሶ ራስን ማሠቃየት አያስፈልግም፤ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ክኒን አለ።

ያች ከረጢት የምትሞተው ሙቀቱ እርሷ ባለችበት ቦታ 60 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ለብለብ ማለት ሥጋውን በሞቀ ንጥር ቅቤ አሽቶ፣ ቀለሙ ሳይለወጥ ማውረድ ነው። በቤትዎ ያለው ለብለብ በቂ መሆኑን ለመፈተሽ ጣትዎን መሀሉ ውስጥ ያስገቡ፦ ጣትዎ ሳይቃጠል መቆየት ከቻለ ትሉም ይቆያል። የተከተፈ ስለሆነ ደግሞ ከትሉ ሌላ ከፈርስ የሚመጣ ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ቀድሜ ያልኩት 71 ዲግሪ እዚህም ይሠራል። ያን ያህል የሞቀ ክትፎ ቡናማና ፈርፈር ያለ ይሆናል፤ የሚወዱት ዓይነት አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ባለቤትዎ የፈራችውን ነገር የሚያስቀረው እርሱ ብቻ ነው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ባሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ለምርጫ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭም ሆነ አረቄ ከረጢቷን አይገድሏትም። በአፍና በጉሮሮ የሚሰማው ማቃጠል የሚያታልለን ነው፤ አረቄው ሆድ ውስጥ ሲደርስ ከምግቡና ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል፣ ከረጢቷም በሥጋው ውስጥ ተሸፍና ታልፈዋለች። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም፤ ከሚናገሩት ሰዎች መካከልም ክኒኑን በዓመት ሁለቴ የሚወስዱ አሉ።

ስለ ልኳንዳ ቤቱ፦ በቄራ ታርዶ፣ ማኅተም ያረፈበት ሥጋ ካልተመረመረው መሻሉ አያጠራጥርም። መርማሪው ልቡን፣ ምላሱን፣ የመንጋጋውንና የትከሻውን ጡንቻ እየሰነጠቀ ያያል፤ ነገር ግን ከረጢቶቹ ጥቂት ሲሆኑና በሌላ ሥጋ ውስጥ ሲሸሸጉ ያመልጡታል፤ ሥጋውን ሁሉ ቆራርጦ ሊያየው አይችልም። በሰፈር ተጋርተን የምናርደው የቅርጫ በሬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያንን ምርመራ እንኳ አያገኝም። በዕለቱ ሥጋውን ስትመድቡ እንዲህ ያለ ነጭ ከረጢት ካያችሁ ሥጋው እንዳለ አይበላ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይታይ። በጉበቱና በሳንባው ላይ የሚገኘውን ሌላ ዓይነት ውሃ የቋጠረ እብጠት ደግሞ ለውሻ አትጣሉ፤ ውሻው በልቶት በኩሱ የሚያወጣው እንቁላል ለሰው ይተርፋልና ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

ጥብስን በተመለከተ ባይጠይቁኝም እንደማየው ልጻፍ። ዘልዛላው ጥብስ ቀጭን ስለሆነ ብዙ አያሠጋም። የሚያሠጋው ጠርቀም ጠርቀም ተደርጎ የተቆረጠው፣ ሙሉው ሥጋ በአንዴ ድስት ላይ የተዘረገፈው ነው። ሥጋው ሲበዛ ድስቱ ይበርዳል፣ ውሃው ይወጣል፣ ከዚያ ውሃው እስኪመጠጥ ሲጠበቅ ላይኛው ይጠቁራል፣ ከሥር ያለው ግን ተራው አይደርሰውም። ከበረዶ ሳይለቅ የተጣደ ከሆነ ጭራሽ ውጪው ተጠብሶ መሀሉ ቀዝቃዛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጁ ታችኛ ክፍል አውርዶ ማሳደር፣ በሁለት ዙር መጥበስ፣ ሲያልቅም ከሁሉ ትልቁን ቁራጭ መርጦ መሀሉን ቆርጦ ማየት ይበቃል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የቅርጫ ድርሻችንን ፍሪዘር ውስጥ ብናከርመው ኮሶው ይሞታል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በቀዘቀዘ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ 10 ቀን በተከታታይ ከቆየ አዎን፣ የትሉ ከረጢት ይሞታል። «በተከታታይ» የሚለው ቃል ላይ ያስምሩበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን የከረመ ሥጋ ያንን ያህል ቀዝቅዞ ነበር ማለት አይቻልም። ባክቴሪያ ግን በበረዶ ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ በረዶው ሲለቅ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ የከረመ ሥጋም እንደማንኛውም ሥጋ ይበሰል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ቋንጣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ስለደረቀ እንዳለ ቢበላ ችግር አለው?

መልስ፦ መድረቅ መብሰል አይደለም። ጨውና ድርቀት ጀርሙን እንዳይራባ ያግዱታል፣ ሁሉንም ግን አይጨርሱትም፤ በክረምት እርጥበት በደንብ ሳይደርቅ የቀረ ዝልዝል ደግሞ ይበልጥ ያሠጋል። ለፍርፍር ሲሠሩት መጀመሪያ በሚንተከተክ ቁሌትና ውሃ ውስጥ እስኪርስና እስኪሞቅ ይቀቀል። በእጅ እየቆረጡ ለልጅ ማቅመስ ቢቀር እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ወጥ በመሥራት ያደግኩ ነኝ። ዘንድሮ ቀዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ የሠራነውን ዶሮ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሌሊት በላን፤ በማግሥቱ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ ሆዳቸውን ቆረጣቸው፣ ተቅማጥም ያዛቸው። ሥጋው እንደሆነ ተፈትቶ እስኪወድቅ በስሏል። ታዲያ የበሰለ ሥጋ ያማል እንዴ?

መልስ፦ እማማ፣ ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ልጆቹንም እግዚአብሔር ይማርልዎ። አዎን፣ በሚገባ የበሰለ ሥጋም ያማል፤ ይህንንም ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በራሴ ቤተ ሰብ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ዘመዳችን ድግስ ላይ ዋዜማውን ሁለት ትልልቅ ጎላ ቀይ ወጥ ሠርተን፣ «ይደር» ብለን ክዳኑን ገጥመን፣ ጆንያ አልብሰን ተኛን። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ወጡ ለብ እንዳለ ነበር፤ ጣቴን አስገብቼ ስቀምሰው ሙቀቱን እንደ መልካም ነገር ቆጥሬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለእንግዳ የቀረበውም እንደዚያው ሞቅ ተደርጎ ነው። በዚያው ሌሊት ከእንግዶቹ ብዙዎቹ በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ ታመሙ፤ እኔም ከእነርሱ አንዷ ነበርኩ። በማግሥቱ ሁሉም ተሻላቸው፤ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ግን ሰውነታቸው ደርቆ ግሉኮስ እስከ መሰካት ደርሰዋል። እስከ ዛሬ ያን ክዳን የገጠምኩት እኔ መሆኔ ያሳዝነኛል።

እንዲህ ያለውን በሽታ ከሚያመጡት ጀርሞች አንዱ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ይባላል። ይህ ጀርም ሲጨንቀው ራሱን እንደ ዘር ፍሬ በጠንካራ ቅርፊት ይሸፍናል፤ በዚያ ቅርፊት ውስጥ ሆኖ መፍላትን ይችላል። ወጡ ከእሳት ወርዶ ቀስ እያለ ሲበርድ፣ ለእጅ የሚመች ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ ቅርፊቱን ጥሎ በፍጥነት ይራባል። ትልቅ ድስት፣ የገጠመ ክዳንና የተደረበ ልብስ ያንን ሙቀት ለሰዓታት ያቆዩለታል። ሰውየው ከበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ብዙውን ጊዜ ትኩሳት የለውም፣ በአንድ ቀን ውስጥም ይለቀዋል። የልጅ ልጆችዎ ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ሆኖም ትኩሳት ካለ፣ ደም ከታየ ወይም ካልተሻላቸው ጤና ጣቢያ ይሂዱ እንጂ በዚህ ጽሑፍ አይርኩ።

ለሚመጣው ዓመት እንዲህ ያድርጉ። ሌሊት የሚበላው ወጥ ወይ እስከሚበላ ድረስ ረመጥ ላይ ሆኖ ከ60 ዲግሪ ሳይወርድ፣ ማለትም እጅ የማያስነካ እንደሆነ ይቆይ፤ ወይም ደግሞ ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ትናንሽና ጠፍጣፋ ዕቃዎች ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ፣ እየተማሰለ በርዶ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት የመጀመሪያው ይሻላል፤ ወይም ቁሌቱን ቅዳሜ ሠርቶ፣ ዶሮውን ወደ ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ ሰው ማታ ዘግየት ብሎ እንዲጨምረው ማድረግ ይቻላል። ሲቀርብ ደግሞ «ሞቅ» ማለት አይበቃም፤ ከሥሩ እየተማሰለ መሀሉ እስኪንተከተክ ይፍላ። በሚፈላበት ጊዜ እየተራባ ያለው ጀርም ይሞታል፤ ለዚህ ነው ዳግመኛ ማፍላቱ ሥራ ፈትነት ያልሆነው።

ጥያቄ (ከብቸና)፦ አንድ በሬያችን በድንገት ወድቆ ሞተ፤ ሰዎች «ባርከን በደንብ ቀቅለን እንብላው፣ እሳት የማይገድለው ነገር የለም» አሉ። እኔ ከለከልኩ፤ ጎረቤቶቼ ግን እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ ምናልባት ነፍስ አድነዋል። በድንገት የሞተ ከብት፣ በተለይ ቶሎ የተነፋ፣ ሬሳው ያልደረቀ፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም የወጣው ከሆነ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። የአባ ሰንጋ ጀርም የሚሠራው ቅርፊት በቤት ምድጃ በሚገኝ ቅቀል እርግጠኛ ሆኖ አይሞትም፤ በ92 ዲግሪማ የባሰ ነው። አደጋው ደግሞ በመብላት ብቻ አይደለም፤ ገፈፋውና ብለታው ራሱ በእጅ ቁስል በኩል ያስይዛል፣ የፈሰሰው ደምም መሬቱን ለብዙ ዓመታት ይበክላል። እንዲህ ያለ ከብት አይከፈትም፣ ቆዳው አይገፈፍም፣ ለውሻ አይጣልም፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተነግሮ በእርሱ ምሪት በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ሥጋውን የነካ ወይም የቀመሰ ካለና መሀሉ የጠቆረ ቁስል፣ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከጀመረው፣ ኩርፊያውን ትተው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።